ለውሻ መድኃኒት በግምት አይሰጥም

ስለ አገር ዕድገትና ስለ ተማሪው ኀላፊነት በሚጻፍበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ውሻ ለመጻፍ በመነሣታችን የሚስቅብን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የሚስቀው ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ ነገሩ ከውሻው ዐልፎ እስከ ሰው ሕይወት የሚደርስ ነውና።

በድሬዳዋ ከከዚራ ዛፎች ሥር ጀምሮ እስከ መጋላና እስከ ሳቢያን ድረስ ውሻ የሌለበት መንደር የለም። በብዙ ቤት ውሻ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ቢሆንም ሌሊት ግቢውን የሚጠብቀው፥ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው። ከእኛም መካከል በወላጆቹ ግቢ ውሻ ያሳደገው፥ ከራቱ የተረፈውን እንጀራ ለግቢ ውሻ የሚያካፍለው ብዙ ነው። ውሻው የታመመ ዕለት ግን ፍቅራችን ከዕውቀታችን ይቀድማል።

ከእኛ በአንዱ ቤት የደረሰውን እንናገር። ቡቺ የሚባል 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ውሻ እግሩን አመመውና ያነክስ ጀመር። የቤቱ ሰዎች አዘኑለት። እኛ «የተማርነው» መፍትሔ አመጣን፤ ለራስ ምታታችን የምንውጠውን ባለ 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን በሥጋ ጠቅልለን ጧትና ማታ ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ደም አስታወከ፤ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ በሳምንቱ ሞተ። የገደለው የእግሩ ሕመም ሳይሆን የእኛ ደግነት ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ይኸው ነው።

ስሌቱ ከባድ አልነበረም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያችን አንድ ፍሬ ሲውጥ ለያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ከ7 ሚሊግራም ያነሰ ነው፤ ለቡቺ ግን 40 ደረሰው። ከዚህም በላይ የውሻ ሰውነት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው አይችለውም፤ ጨጓራውን ያቈስለዋል፤ ኩላሊቱን ይጐዳዋል። ዲክሎፌናክም እንደዚሁ ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን ያጠፋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ ደግሞ ጥቂት ፍሬው እንኳ ውሻን አንዘፍዝፎ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በቤቱ የሚታከም ሰው ያለ እንደ ሆነ መድኃኒቱ ውሻ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ።

የእንስሳት መድኃኒት ስለ ሆነ ብቻም ለውሻ ይስማማል ማለት አይደለም። አገራችን የከብት፥ የበግና የፍየል አገር ስለ ሆነች በመደርደሪያው ላይ የምናገኘው አብዛኛው ለእነርሱ የተሰላ ነው። ለከብት የሚሰጠው ትልቁ የአልቤንዳዞል ፍሬ 2500 ሚሊግራም ነው። ባለ 1 በመቶው የአይቨርሜክቲን መርፌም ለከብት የሚለካው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህን «ትንሽ ቀነስ አድርጌ» ብሎ በዓይኑ ለክቶ ውሻ የሚወጋ ሰው በሕይወት ይጫወታል። እንደ ኮሊ ያሉትን ዝርያዎችማ ለሌላው ውሻ የማይከብደው መጠን እንኳ አእምሮአቸውን ሊመርዘው ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ ውሻው ይመዘን። በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ውሻውን ታቅፎ መመዘን፥ ቀጥሎም ብቻን ተመዝኖ ልዩነቱን መያዝ ይቻላል፤ ልጆቹ ቢስቁም ጉዳት የለውም። ክብደቱንና የሕመሙን ምልክት ይዞ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መሄድ፥ መጠኑን፥ ሰዓቱንና የቀኑን ብዛት አጽፎ መመለስ ነው። ፍሬ የሆነውን በሥጋ ሲሰጡ መጀመሪያ ባዶ ሥጋ፥ ቀጥሎ መድኃኒት ያለበትን፥ ወዲያው ሌላ ባዶ ሥጋ ማስከተል ይበጃል። ፈሳሹን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል በዝግታ ማጠጣት እንጂ አንገቱን ቀና አድርጎ መጋት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና። በስሕተት መድኃኒት የዋጠ እንደ ሆነም ወተትና ዘይት በግድ ከማጠጣት ይልቅ የመድኃኒቱን መያዣ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ ለመጨረሻ አቈይተነዋል። ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መዋጥ ያቃተው፥ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ያየን እንደ ሆነ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለን እጃችንን ወደ አፉ አንስደድ፤ መድኃኒትም እናውጠው አንበል። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ከመቶው 99 የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቍስሉን የነካው ሰው ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን የጀመረ እንደ ሆነ ይድናል። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው የሚሞተው ባብዛኛው ክትባቱ ሳይደርሰው ቀርቶ ነው።

የውሻውም ክትባት ቢሆን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት በኪስ ተይዞ የዞረ ክትባት ተወጋ ቢባልም እንዳልተወጋ ሊቈጠር ይገባል። ሌላውም መድኃኒት ቢሆን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ሲከርም ኀይሉ ይደክማል።

ወንድሞችና እኅቶች! ደንገጎን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስለዚህ ማኅበራችን ከዚያ ሐኪሞችን ጋብዞ በዓመት አንድ ቀን የውሻ ክትባትና የምክር ቀን እንዲያደርግ እናሳስባለን። ለውሻ አዝኖ መድኃኒት መስጠት የማንም ሰው ልብ ነው፤ ከመስጠት በፊት መዝኖ መጠየቅ ግን ከተማረ ሰው የሚጠበቅ ነው። እኛ ይህን የተማርነው በቡቺ ሞት ነው፤ ሌላው በእኛ ይማር።