የኪቦርዳችን ፎልደር የሁላችንም ሥራ ነው

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ቁጥር ብቻውን ግን አያጽፍም፤ የተነካውን ቁልፍ ወደ ሆሄ የሚለውጥ ኪቦርድ ያስፈልጋል። ኪማን በተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም አማርኛ የሚጻፍበት አንዱ ኪቦርድ ጊትሀብ ላይ፣ በአንድ ትልቅ የጋራ የኮድ ማከማቻ ውስጥ፣ በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ፎልደር ሥር ይገኛል። ትግርኛና ግዕዝ ጎረቤቶቹ ናቸው።

እንዲህ ያለውን አሠራር ሞኖሪፖ ይሉታል። እያንዳንዱ ኪቦርድ ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው፤ የቁልፍ ሕጎቹ፣ መመሪያው፣ ፈቃዱና የለውጥ ታሪኩ በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ። ሕግ ያረመ ሰው የእትሙን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፣ ያረመውንም በታሪክ ፋይሉ ይመዘግባል። ለውጡ ሲቀርብ ማሽን ፓኬጁን ይገነባል፤ ያልተገነባ አያልፍም። ደንቡ አንድ በመሆኑ ጥቂት ተናጋሪ ያለው ቋንቋም ከብዙኃኑ እኩል ይስተናገዳል። ይህን ፍትሕ እወደዋለሁ።

ማሽኑ ግን አማርኛ አያውቅም። «ቋንቋ» ስንጽፍ ቋ በትክክል መውጣቷን፣ «ሥዕል» ላይ ዕ አለመዋጧን፣ ስልክ ላይ ኋን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደምንፈልግ አይነግረንም። ኮዱን የሚገመግመው የሌላ አገር ባለሙያም ቅርጹን እንጂ ንባቡን አያይም። ይህ ክፍል የእኛ ነው፤ እኛ ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም።

ሸክሙን ለአንድ በጎ ፈቃደኛ መተው ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2024 መጋቢት ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ላይ ታይቷል። ፕሮግራሙን ለዓመታት የያዘው ሰው ደክሞት ነበር፤ ረዳት ሆኖ የቀረበ ሰው አመኔታውን አግኝቶ ስውር በር አስገባ። የተጋለጠውም አንድ መሐንዲስ ጥቂት የምትመስል መዘግየትን ቸል ባለማለቱ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ከምትጠቀሙባቸው ፓኬጆች አንዱን ያዙ። የሚመጣውን ለውጥ አንብቡ፣ ሞክሩት፣ አስተያየት ስጡ። ስታርሙ አንድ ጉዳይ በአንድ የለውጥ ጥያቄ አቅርቡ፤ የአማርኛን እርማት ከትግርኛ ጋር አትቀላቅሉ። የቁልፍ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ የሚጽፉትን ጠይቁ፤ የለመዱ ጣቶች አሉና።

መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ኮድ ባታውቁም ያለ እናንተ ሥራው አይሞላም። አንድ ቃል አልጻፍ ሲል የነካችሁትን ቁልፍ፣ የወጣውን፣ መውጣት የነበረበትን፣ የመሣሪያችሁን ዓይነትና የኪቦርዱን እትም ጽፋችሁ ወደ ማከማቻው ላኩ። «አይሠራም» ብቻ ማለት ለሚያርመው ሰው ምንም አይጠቅምም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ በአገሩ ኪቦርድ ላይ የዋይና የዜድ ቁልፎች ከእንግሊዝኛው አንጻር ቦታ ስለተለዋወጡ፣ የ እና ዘ የት እንደሚወጡ እናንተ ሞክሩልን፣ ውጤቱንም ሌላው እንዳይደግመው እዚያው ማከማቻው ላይ መዝግቡት።