ስለ ሥነ ልቡና ትምህርት

በቆቦና በራያ ቆላ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ልቡና መረጠ ሲባል፥ ቤተ ዘመዱ «ይህስ እንጀራ ይሆነዋልን?» ማለቱ አያስደንቀንም። የመጀመሪያው ዲግሪ መድኃኒት ለማዘዝ አያበቃም፤ በትምህርት ቤት አማካሪነት፥ በርዳታ ድርጅት ወይም በሠራተኛ አስተዳደር ግን ያሠራል። የታመመ አእምሮን በምክር ለማከም የሚሻ ሁለተኛ ዲግሪ መጨመር አለበት፤ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ይወቀው።

ነገር ግን ቆቦ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባትን እናስብ። ወንድሙ ሲገደል ያየ ሕፃን ሌሊት እየባነነ ያድራል፤ ቀን በክፍል ሲፈዝ ሰነፍ ይባላል። ሕመሙን ከስንፍና የሚለይ፥ ያገሩንም አነጋገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ለነፍስ አባት የሚነገር አለ፤ ለእንዲህ ያለው ባለሙያም የሚነገር አለ፤ ምስጢር መጠበቅ የሁለቱም ግዴታ ነው። ትምህርቱ ደሴ በሚገኘው በወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣልና፥ መንገዱ ሩቅ አይደለም።