ገንዘብ ወዳድ ናት አትበሉአት

እኔ በምኖርበት በአቃቂ አንዲት ልጅ ታጨች። ወሬው ከወፍጮ ቤት እስከ ጠላ ቤት፥ ከዕድር ድንኳን እስከ ታክሲ ሰልፍ ድረስ ተዳረሰ። ፍርዱም በየቦታው አንድ ነበረ፤ «ገንዘብ ወዳድ ናት» ተባለች። እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። የምቃወመውም ልጅቱን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ ጥፋትዋ ሌላ ስለ ሆነ ነው። ሰው ባልሠራው ጥፋት ሲወቀስ የሠራውን ሳይመለከት ይቀራልና፥ ጥፋቱ በትክክለኛ ስሙ መጠራት ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ መልከ መልካም ናት፤ ይህንንም ከማንም አስቀድማ ራስዋ ታውቀዋለች። በኮሌጅ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምራ ዲፕሎማ ተቀብላለች። ሦስት ዓመት ያህል ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ጋራ ይዋደዱ ነበር። ልጁ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ ብረታ ብረት ቤት ቶርኖ ይሠራል፤ አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞቱበት እናቱ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳድገውታል። የልጅቱ አባት ታመው አርባ ቀን ያህል በተኙ ጊዜ፥ ከሌሊት ሥራው በቀጥታ እየመጣ ያነሣቸውና ያስተኛቸው የነበረው እርሱ እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚህ መካከል ዕድሜው ከልጅቱ በሃያ ዓመት የሚበልጥ፥ ሁለት የጭነት መኪናና ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ያለው ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። ልጅቱም የቶርኖውን ልጅ ተወችው። ስለ ምን እንደ ተወችው ጓደኛዋ ስትጠይቃት የመለሰችውን ቃል በአጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ «የእናቱን የእንጀራ ሰፌድ ተሸክሜ ልታይ?» አለች።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ቃል ደግመህ መርምረው። «እራባለሁ» አላለችም። «የቤት ኪራይ ከየት ይከፈላል?» አላለችም። እንዲህ ብላ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ድህነትን መፍራት ነውር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሰው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኖረ፥ ውሃ በወረፋ የቀዳ፥ ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሌላ ሰፈር የፈለገ ሰው ድህነትን ቢፈራ ትክክል ነው። ልጆችዋ እንዳይቸገሩ ብላ ቋሚ ገቢ ያለውን ሰው የምትመርጥ ሴትም አስተዋይ እንጂ ከንቱ አትባልም። የዚህች ልጅ ቃል ግን «ልታይ» የሚል ነው። የፈራችው ረኃብን አይደለም፤ የሰውን ዓይን ነው። ለዚህ በሽታ በቋንቋችን የተሠራለት ስም አለ፤ ልታይ ባይነት ይባላል።

ገንዘብ ወዳድማ ብትሆን ኖሮ ገንዘቡን በመረመረች ነበር። ገንዘብ የሚወድ ሰው ይጠይቃል፤ ይቈጥራል፤ ይጠረጥራል። የጭነት መኪናዎቹ የባንክ ዕዳ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ፎቁ በማን ስም ተመዝግቦአል? ሰውዬው ከዚህ በፊት አግብቶ እንደ ሆነ ሒሳቡን በደንብ ጨርሶአልን? የሒሳብ ዲፕሎማ ያላት ልጅ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ አልጠየቀችም። የጠየቀችው የሠርጉ መኪናዎች ስንት እንደሚሆኑና ድግሱ በየትኛው አዳራሽ እንደሚሆን ነው።

ሕጉን ብታነብስ ምን ባገኘች ነበር? በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው፥ በአዲስ አበባም የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አለ። በአንቀጽ 57 የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ባልና ሚስት በተጋቡበት ቀን ለየራሳቸው የነበራቸው ንብረት፥ ከተጋቡም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት፥ የየግላቸው ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ያ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከሠርጉ በፊት የነጋዴው ነበረ፤ ከሠርጉም በኋላ የነጋዴው ነው። በትዳር ሳሉ የሚገኘው ኪራይ የጋራ ይሆናል እንጂ ግንቡ የእርስዋ አይሆንም። ባል ሳይናዘዝ ቢሞትስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟችን ንብረት ለልጆቹ፥ ልጅ ከሌለውም ለወላጆቹና ለሥጋ ዘመዶቹ ያወርሳል እንጂ ሚስትን ከወራሾች ተራ አላስገባትም። ያው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 62 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የሁለቱ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ከቶርኖ ሠራተኛው ጋራ ከባዶ ቤት ጀምራ ቢሆን ኖሮ፥ አልጋውም፥ ቆጥበው የሚገዙት ማሽንም፥ ምናልባት አንድ ቀን የሚከፍቱት ሥራ ቤትም እኩሌታው የእርስዋ በሆነ ነበር። ሰው በሕግ አንቀጽ ባል ይምረጥ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ሌላ ክፋት ነው። ገንዘብ ወዳድ የተባለችው ልጅ በገንዘቡ በኩል እንኳ የሚያከስረውን መንገድ እንደ መረጠች ግን ልናይላት ይገባል። በሰው ፎቅ መስኮት ቆሞ መታየት ባለቤት አያሰኝም።

ሀብትስ ቢሆን እንደ ተቀመጠ ይኖራልን? ይህንን አቃቂ ከማንኛውም ሰፈር ይልቅ ማወቅ ነበረባት። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ነው፤ በኋላም በሐዲዱና በወንዙ አካባቢ የጨርቃ ጨርቁና የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ተተከለ። ወንዱም ሴቱም በፈረቃ እየገባ እየወጣ ከተማዪቱን ያቆማት የሠራተኛ እጅ ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. መንግሥት ትልልቆቹን የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ወረሰ። በሐምሌም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። አምስት ስድስት ቤት ያከራይ የነበረ ሰው ማታ ባለጸጋ ሆኖ ተኝቶ፥ ጠዋት የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀርቶለት ተነሣ። ለኪራይ ቤቱ ብላ ያገባችው ሴት ብትኖር፥ በማግሥቱ ከገበታው ማዶ ተቀምጦ ያገኘችው ሰው ማን ነበረ? ያን ቀን ከሰውዬው በቀር የቀረላት የለም፤ ሰውዬውን ደግሞ ከቶ አልመረጠችውም ነበር። አዋጁ ፍትሕ ነበረ ወይስ ግፍ የሚለውን ለሌሎች እተዋለሁ። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን በማግሥቱ ጠዋት ፈረቃውን ይዞ ገባ፤ የእጅ ሙያን የሚወርስ አዋጅ አልታወጀበትም።

የልጅቱ ቃል ስለ እናቱ ሰፌድ ስለ ሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ያስታውሰኛል። የቋራው ካሳ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፥ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። በዚያን ጊዜ ኀይል በእጃቸው የነበረው ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን ካሳን በዝምድና አስረው ለመያዝ ብለው የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ካሳ ቆስሎ ባለ መድኀኒቱ ለዋጋው ላም በጠየቀ ጊዜ፥ እቴጌ መነን በላሙ ፈንታ አንድ ብልት ሥጋ ላኩለት፤ ለእንደዚህ ያለ ሰው ይህ ይበቃዋል ማለታቸው ነበረ ተብሎ ይተረካል። ተዋበች ከማን ወገን ቆመች? ወደ አያትዋ ግብር ቤት አልተመለሰችም። ስድቡን የራስዋ ስድብ አድርጋ ቈጥራ ባልዋን እንዲነሣ አበረታታችው ይባላል። ካሳ ሸፍቶ ከአባትዋ ጋራ ሲዋጋ ከባልዋ ጋራ ሆነች። በሰኔ 1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ አይሻል ላይ ድል ሆኑ፤ እርስዋም በ1850 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ከባልዋ ወገን አልተለየችም። የመጀመሪያውን ምርጫ ሌሎች መረጡላት፤ ሁለተኛውን ግን ራስዋ መረጠች። በመረጠችበትም ቀን ካሳ ንጉሥ እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፤ በእናቱ ሥራ የሚሰደብ ሽፍታ ነበረ። የአገሩ ገዢ ልጅ በኮሶው ካላፈረች፥ የአቃቂዋ ልጅ በእንጀራው ምን አሳፈራት?

ለአቃቂዋ ልጅ ደግሞ የመረጠላት የለም። የ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅን በ15 ዓመትዋ መዳር ይፈቅድ ነበር፤ የ1992ቱ ሕግ 18 ዓመት አደረገው፥ የተጋቢዎቹንም ነፃ ፈቃድ አጸናው። ሕጉ እንዲሻሻል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሞአል። እነዚያ ሴቶች የደከሙት እንዲህ ያለችው ልጅ የመምረጥ ሥልጣን እንዲኖራት ነው። እርስዋም ሥልጣኑን ተቀብላ ለጐረቤት ዓይን አስረከበችው።

ጐረቤትስ? እዚህ ላይ ፊቴን ወደ ፈራጆቹ አዞራለሁ። በወፍጮ ቤት «ገንዘብ ወዳድ ናት» ብለው ከፈረዱት እናቶች አንዲቱ ባለፈው ጥር የልጃቸውን ሠርግ ሲተርኩልን ስለ ሙሽራው ጠባይ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ዐሥራ ሁለት መኪና እንዳጀበ ግን ሦስት ጊዜ ነግረውናል። ልጃገረድ ከሕፃንነትዋ ጀምራ የምትሰማው ይህን ነው፤ «እገሊት ምን ለበሰች? በምን መጣች? የት ገባች?» ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያስቀሩአታል፤ አንባቢ ሁሉ በፊታውራሪው ይሥቃል፥ ይናደዳልም። በዘር ፈንታ መኪና ገባ እንጂ ፊታውራሪው ዛሬም በየቤታችን አሉ። ልጅቱን ያሳደግናት እኛ ነን፤ ባሳደግናት መጠን ስታድግ ደግሞ ድንጋይ አነሣንባት።

እናንተ ጐረምሶችም በዚህ ጽሑፍ አትደሰቱ። «ሴት ሁሉ የምትወደው ብር ነው» እያላችሁ በየቡና ቤቱ የምታለቅሱትን አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እናንተስ የምታለቅሱላትን ልጅ ስለ ምን መረጣችኋት? ስለ ትዕግሥትዋ ነው ወይስ አብራችሁ ስትሄዱ መንገደኛው ዘወር ብሎ እንዲመለከት? እርስዋ በመኪናው ልታይ አለች፤ እናንተም በእርስዋ መልክ ልንታይ አላችሁ። ገበያው አንድ ነው፤ እናንተ የተናደዳችሁት ዋጋው ከኪሳችሁ በላይ ስለ ሆነ ነው። የቶርኖውን ልጅ ግን ከዚህ ቍጥር አላገባውም። የሰው አባት በሌሊት የሚያስታምም ሰው ለመታየት ብሎ አያደርገውም፤ በዚያ ሰዓት ማን ያየዋል?

በድሮ ታሪክ የእንዲህ ያለች ልጅ መጨረሻ የታወቀ ነው። ባለጸጋው ይከስራል ወይም ይጥላታል፤ መልክዋ ይረግፋል፤ የተወችው ልጅ ከብሮ በመኪና ሲያልፍ እርስዋ መንገድ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። እኔ ይህን አልጽፍም፤ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለምና። ነጋዴውን ክፉ ሲሠራ አላየሁትም፤ ምናልባት በደኅና ይኖራሉ፥ ልጆችም ይወልዳሉ። ወጣቶችን በቅጣት ታሪክ ማስፈራራት ልታይ ባይነትን አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ያጠናዋል፤ «መጨረሻሽን ሰው ያየዋል» ማለት ያንኑ የሰው ዓይን መልሶ ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። የእኔ ክስ ግን ቅጣት ባይመጣም የሚጸና ነው። እኅቴ ሆይ፥ ሦስት ዓመት የወደደሽን፥ አባትሽን በክንዱ ያነሣውን ሰው የመዘንሽው በእናቱ ሰፌድ ነው። ያ ሰፌድ በማን ፊት ነው ያሳፈረሽ? በሰፈራችን ከዚያ እንጀራ ያልበላ ማን አለ? አንቺም በልተሻል።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሎአል። የልጅቱ አባት ስለ ጋብቻው ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። ለድግሱ የሚሆነውን እንጀራ የልጅቱ ቤተሰቦች ያዘዙት ከልጁ እናት ነው፤ በሰፈሩ እንደ እርሳቸው የሚጋግር የለምና። እናትየውም ትእዛዙን ተቀብለው፥ ሳይወደድ ብለው ጤፉን ከወዲሁ መግዛት ጀምረዋል።