የሸዋ ሮቢት ካሴት ለቤተ መጻሕፍት አይመጥንምን?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከሙቀቱ ጋራ የሚቀበለው የካሴት ዘፈን ነበረ። ዛሬ ካሴቱ ከገበያ ጠፍቷል። ባለፈው ዕረፍት አገሬ ገብቼ፣ በአንድ ሱቅ ጓዳ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ አገኘሁት፤ የይፋት የሠርግ ዘፈን አለበት፣ መንዙማ አለበት፣ በአፋርኛ የተዜመም አለበት። የቆላው ሙቀት የብዙውን ክር አጣብቆታል። ጥቂቱን ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይዤ ብቀርብ፣ «ይህ መጽሐፍ አይደለም» ተባልሁ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ መጽሐፍ አለመሆኑን እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን ይህች በማባዣ የምትወጣ መጽሔታችንስ መጽሐፍ ናትን? ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያባዟቸው ወረቀቶች በጊዜያቸው ስኳር ከመጠቅለል የሚያልፉ አይመስሉም ነበር። የሚያስቀምጣቸው ስለ ተገኘ ግን፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ2014 እ.ኤ.አ. ላሳተሙት የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ምስክር ለመሆን በቁ።

አንዳንድ ጓደኞች «የመማሪያ መጽሐፍ ሳይሟላ ለዘፈን ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ ዘግይቶም ቢሆን ይገዛል፤ አንድ ቅጂ ብቻ የቀረው ካሴት ግን ከተበላሸ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም። በአሜሪካ የቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ በ1969 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ መዝናኛ ሥራዎች የተለየ ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም፣ ርካሹን ልብ ወለድ እንኳ አልናቀም። የኛንም የአዲስ አበባ ዘፈኖች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ያወጣው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ስመ ጥሮቹ እንዲህ ሲተርፉ፣ በሸዋ ሮቢት ገበያ ብቻ የታወቀውን ዘፋኝ ማን ያስታውሰዋል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ደኅና ቴፕና አንድ ኮምፒዩተር ይመድብ። እኛም ለዕረፍት ስንሄድ ከየአገራችን ካሴቱን፣ የሠርግ መጥሪያውን፣ የቲያትር ማስታወቂያውን በባለቤቱ ፈቃድ እናምጣ። ማን ዘፈነው፣ የት ተቀዳ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለምን በዓል የሚለውንም ባለሱቁ በሕይወት ሳለ ጠይቀን፣ ጽፈን እናያይዝ፤ ይህ ከሌለ ካሴቱ ቢተርፍም ለተመራማሪው ብዙ አይነግረውም። እኔ በሚመጣው ዕረፍት ከረጢቱን ይዤ እመለሳለሁ። የሚቀበለኝ ክፍል ይኑር።