ሳይለኩ መፍረድ

በዚህ ዓምድ ስለ እናንተ ቤት ስመክር ቆይቼ ዛሬ የራሴን ጥፋት ልነግራችሁ ነው።

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ እሷ ዘንድ እኩለ ቀን፣ የምሳ ዕረፍቷ ነው። የልጅ ልጄን የማየው በዚያች ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ከሁለት ወር በፊት ግን ዋይፋዩ ልክ በዚያ ሰዓት መጥፋት ጀመረ። ሕፃኑ ሊጠራኝ አፉን ሲከፍት ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ድርግም።

ጥርጣሬዬ ወዲያው የጓሮ ተከራዬ ልጅ ላይ አረፈ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ለፈተናው እንዲያነብበት ፓስወርዱን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። “ፊልም እያወረደ ነው የሚያጨናንቀው” ብዬ ፓስወርዱን ቀየርኩ፤ እናቱንም “ልጅሽን ያዥልኝ” ብዬ ተናገርኳት። መቆራረጡ አልቆመም። ያን ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠረጠርኩም፤ “አዲሱንም ከሰው አግኝቶት ነው” አልኩ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማስረጃ አይፈልግም። ልጁም በግቢው ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ።

አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሥራው የድርጅት ኔትወርክ መከታተል ነው። ክሴን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ “እትዬ፣ ለክተውት ነው ወይስ ገምተው?”

አፈርኩ። ስንት ዓመት ለተማሪ ነርሶች “ግንባር ዳብሶ ትኩሳት አለው ማለት የለም፤ ለኪና ቻርቱ ላይ ጻፊ” ስል የኖርኩ ሰው ነኝ!

ዋይፋይ የሚሰጠው ሳጥን፣ እነሱ አክሰስ ፖይንት የሚሉት፣ እሱ ራሱ የገዛልኝ የድርጅት ዓይነት ነው። ስለዚህ ስለ ደኅንነቱ የሚናገርበት ቋንቋ አለው። ኤስኤንኤምፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። በእኛ ሙያ ብተረጉመው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ራውንድ ነው፦ ኮምፒውተር በየአምስት ደቂቃው ሳጥኑን “እንዴት ነህ?” ይለዋል፤ ሳጥኑም ስንት ስልክ እንደተያያዘ፣ ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ፣ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይመልሳል። ሁለተኛው የአልጋ ደወል ነው፦ ሳጥኑ ሲታመም ሳይጠየቅ ራሱ ይጣራል። ይህን ትራፕ ይሉታል።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሥራውን አየሁ። በብሮውዘር የሳጥኑን አድራሻ ጽፎ ገባ፤ ኤስኤንኤምፒ የሚለውን ገጽ ከፈተ። ቦታ በሚለው ላይ “ማድ ቤት በር” ብሎ ሞላ። ቀጥሎ “ኮሚዩኒቲ” የሚል መጣ። እንደ ፓስወርድ የሚያገለግል ቃል ነው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ “ፐብሊክ” ተብሎ ይሞላል። ያን እንዳለ መተው የታካሚ ካርድ ኮሪደር ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ደግሞም አንደኛውና ሁለተኛው ስሪት ቃሉን ሳይሰውሩ ገልጠው ነው የሚልኩት። ስለዚህ ሦስተኛውን መረጠ፤ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አለው፣ የሚልከውንም ይሰውራል። መብቱን “ማንበብ ብቻ” አደረገው፤ ቻርት የሚያነብ ሁሉ መድኃኒት አያዝምና። ጥያቄ የሚቀበለውም ከአሮጌው ላፕቶፔ ብቻ እንዲሆን አዘዘው፤ ከኢንተርኔት በኩል የሚመጣውን ዘጋ። ላፕቶፑን በኬብል አያይዞ፣ ነፃ የመከታተያ ፕሮግራም ጭኖበት ሄደ።

ሦስት ማታ ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ተመልሶ ግራፉን አሳየኝ። በዋይፋዩ የተያያዙት የእኔ ስልክና ቴሌቪዥኑ ብቻ ናቸው፤ እንግዳ የለም። ያለፈውም ዳታ ጥቂት ነው። “ከተነሣ ስንት ጊዜ ሆነው” የሚለው ቆጣሪ ግን በሦስቱም ማታ፣ አንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ወደ ዜሮ ተመልሷል። ሳጥኑ አልተጨናነቀም፤ ጠፍቶ እየተነሣ ነው።

በዚያ ሰዓት ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል? የእራት ወጥ ይሞቃል! ስቶቩና ሳጥኑ የተሰኩት በአንድ ኤክስቴንሽን ነው። ስቶቩ ሲበራ ኃይሉ ይወርዳል፤ ሳጥኑ ይጠፋል። የገመዱን ራስ ስነካው ይፋጃል፣ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። የተቃጠለ ሰው ቁስል ሳጥብ የኖርኩት ሴት፣ በሰው ልጅ ላይ ጣቴን ስቀስር ከእግሬ ሥር ያለውን እሳት አላየሁም። ገመዱን ጣልኩት። ስቶቩ ለብቻው ከግድግዳ ሶኬት፣ ሳጥኑም ከሌላ ሶኬት ተሰካ። ከዚያ ማታ ወዲህ አልጠፋም።

የሚቀረው ከበደኝ። ቡና አፍልቼ እናትና ልጁን ጠራሁ፤ “የበደልኳችሁ እኔ ነኝ” አልኩ። እናቱ “ኧረ እትዬ፣ ምንም አይደል” አለች። ልጁ ግን ስኒውን እያየ ዝም አለ። አዲሱን ፓስወርድ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ሰላምታው ግን እንደ ድሮው ገና አልተመለሰም። ፈተናው ሊደርስ ሲል ሁለት ወር ነጥቄዋለሁ፤ ይህን የሚለካ ፕሮግራም የለም።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። በየቤቱ ያለው ርካሽ ራውተር ብዙ ጊዜ ኤስኤንኤምፒ የለውም፤ ካለውና የማትጠቀሙበት ከሆነ አጥፉት። ግን አብዛኛው ራውተር በራሱ ገጽ ላይ የተያያዙትን ስልኮች ዝርዝር ያሳያል፤ ከተነሣ ስንት ሰዓት እንደሆነውም የሚናገር ብዙ ነው። የፋብሪካውን ፓስወርድ ቀይሩ። ሲቋረጥ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ደብተር ላይ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደተያያዘ፣ በዚያች ደቂቃ ምን እንደተሰካ። ከዚያ በኋላ ሰው መጠርጠር ካስፈለገ ትጠረጥራላችሁ።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።