ታሪክ ሳይዘገን ሲሸጥ

የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ቡና ነጋዴ እጁን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ፍሬውን ሳይዘግን፣ ሳያገላብጥና ሳያሸት ዋጋ አይቆርጥም። «ጥሩ ነው፣ እመነኝ» ቢሉት ይስቃል። የዚሁ ነጋዴ ልጅ የታሪክ ክፍል ሲገባ ግን «እመነኝ» ከመባል በቀር ሌላ አይሰማም።

ልጁ የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 እንደወደቀ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደነበሩ ይሸመድዳል። ለፈተና ይጽፈዋል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። ለመሆኑ ይህ ትምህርት ነው?

ማስረጃ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ የዛሬው ቱርካና ድረስ ዘምቶ ያየውን ጽፏል። ሰውየው የአፄ ምኒልክ አድናቂ ነበር። ሆኖም ቀድሞ ሕዝብ የሞላበት የካፋ ምድር በጦርነቱ ባዶ ሆኖ እንዳገኘው አልደበቀም። እስቲ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ገጽ ብቻ ለተማሪዎች ይነበብ። ጸሐፊው ማን ነው? ለማን ጻፈ? ምን አየ? ከጦሩ ጋር ስለተጓዘ ምን ሳያይ ቀረ? ከዚያም ልጆቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ፤ የሽማግሌዎቹ ቃልም እንደ መኮንኑ ወረቀት ይመርመር። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ አይኖርም።

«ይህማ ቁስል መቀስቀስ ነው፣ ልጆችን ያጣላል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ መፍትሔያቸው ግን ከንቱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ክፍል ውስጥ በመምህር ፊት ያልተነገረው ነገር ከክፍል ውጭ፣ ማስረጃ በማይጠየቅበት ቦታ፣ በጩኸት ይነገራል። ሰውን የሚያጣላው ሰነድ ሳይሆን ሰነድ ሳያዩ መማማል ነው።

ደግሞስ የምንኮራበት ድል ከሰነድ ምርመራ ጋር የተያያዘ አይደለምን? በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መገናኘት ትችላለች ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ተንኮሉ የተጋለጠው የ17ኛው አንቀጽ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። ጠቡ ከርሮም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። ስንቱ ተማሪ ነው ይህን አንቀጽ ሸምድዶ ሁለቱን ጽሑፎች ግን አንድም ቀን ሳያይ የጨረሰው?

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ ወጪ አይደለም። አንድ ገጽ ቅጂ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ «አላውቅም፣ አብረን እንመርምር» ለማለት የማያፍር መምህር ይበቃል። ፈተና አውጪዎችም «መቼ?» ብቻ ብለው ከሚያቆሙ «በምን ታወቀ?» ብለው ይጨምሩበት። አባት ለጆንያ ቡና የሚያደርገውን ጥንቃቄ ልጁ ለገዛ ታሪኩ እንዳያደርግ የምንከለክለው ለምንድን ነው?