ድመቷ አልተቀየረችም!

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ለፍቅረኛዬ ልደት ዓይኗ ሰማያዊ፣ ፀጉሯ አመድማ የሆነች የአንድ ወር ግልገል ድመት ሰጠኋት። ቤተሰብ ጥየቃ ስትሄድ እኔ ጋ ተወቻት። ከአራት ወር በኋላ ስትመለስ ግን ድመቷ ጠቁራ፣ ዓይኗም ቢጫ ሆኖ ጠበቃት። ‹የእኔን አጥፍተህ ሌላ ልታሸክመኝ ነው?› ብላ ኮረፈችኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እኔ አምንሃለሁ። ልጅ ሳለሁ የኛን ቤት ግልገል በዓይኗ ቀለም «ሰማይ» ብዬ ሰይሜያት ነበር። ዓይኗ ሲቀየር «ሰረቃችሁኝ!» ብዬ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጣላሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግልገል ድመት መጀመሪያ ዓይኗን ስትገልጥ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ገና አልገባበትማ! እውነተኛው መልክ ብቅ ማለት የሚጀምረው ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። ፀጉሩም ቢሆን፣ እናቲቱ አርግዛ ሳለች ትኩሳት ከያዛት ግልገሏ አመድማ ሆና ልትወለድ ትችላለች። ያ ፀጉር በወራት ውስጥ ረግፎ በጥቁሩ ይተካል። ነጭ ምልክት ግን ቦታውን አይለቅም።

ስለዚህ የልደቱን ቀን ፎቶ አውጣ። ደረቷ ወይም እግሯ ላይ ነጭ ካለ፣ ሁለታችሁም ሆናችሁ ከአሁኑ ጋር አስተያዩት።

አንቺም እህቴ፣ ከመጠርጠርሽ በፊት ጠይቂ። የድመት መልክ መለወጡ ተፈጥሮ ነው። ያለ ማስረጃ ውሸታም የተባለ ሰው ልብ ግን ቶሎ አይመለስም።